ባሻ ቢረሳውና የአውራ ዶሮው ደም

ባሻ ቢረሳው መጀመሪያ ይመታል፤ ጥፋትህ ምን እንደሆነ ቆይቶ ይጠይቃል። ነገሌ ቦረና በጦር ሰፈሩ አጥር ሥር በኖርንባቸው ዓመታት ከእሱ እጅ ያመለጠ ሰው ካለ፣ ወይ ገና ያልተወለደ ነው ወይ ሻለቃ ነው። አንድ ጊዜ ሻኪሶ ለገበያ ወርዶ በአንዲት ጎድን አጥንት የተነሳ የባለ ሉካንዳውን ጆሮ በጥርሱ ቆርጦ ተመልሷል። በፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን እሱ እለዋለሁ። ጀርባዬ ላይ ያሳረፈው አለንጋ ይህን መብት ይሰጠኛል።

የተወለደው መንዝ ነው። የኅዳር በሽታ አገሩን ሲያጭደው እናትና አባቱ ባንድ ሰሞን አለቁበት፤ አጎቱ ወስዶ እየደበደበ አሳደገው። «እኔን ያስተማረኝ ፍልጥ ነው» ይል ነበር፣ እንደሚኮራ ሰው። ጣሊያን ሲወጣ ከጦሩ ጋር ወደ ደቡብ ወረደ። ተልተሌ ላይ ከሽፍታ ጋር ሲዋጋ ጥይት አለቀበትና ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ ገባ። ሰደፉ ሰው ላይ ተሰበረ፤ እሱም ጭኑ ውስጥ ጥይት ተሸክሞ ተመለሰ። ባሻ የተባለው በዚያ ነው። ከጦሩ ሲሰናበት የወታደር ቤተሰብ የሚኖርበትን የኛን ሰፈር ሹም አደረጉት። ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ ወላይታው የተቀላቀለበት ሰፈር ስለነበር ጠባችን ብዙ ነው፤ እሱ ደግሞ ጠብን የሚያበርደው በጉማሬ አለንጋ ነው።

በሕይወቱ ያልመታው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ልጁ ተክሉ።

የተክሉ እናት በወሊድ ሞተች። ባሻ ሕፃኑን በካፖርቱ ጠቅልሎ በየደጁ ዞረ፤ የምታጠባ ሴት ጠፋች። ያን ጊዜ ዲንኪቱ የምትባል የቦረና ሴት ጦር ሰፈሩ በር ላይ ወተት ትሸጥ ነበር፤ እሷም ከአራስነት ገና መውጣቷ ነው። ሕፃኑን ከእጁ ነጥቃ ጡቷ ላይ ለጠፈችው። ከራሷ ልጅ ጋር ተራ እያጋባች አሳደገችው። ተክሉ ከአማርኛ በፊት ኦሮምኛ ተናገረ፤ እሷንም «አዮ» ብሎ ነው የሚጠራት፣ እናቴ ማለቱ ነው። አድጎ ወታደር ሆኖ፣ የአሥር አለቃ ማዕረግ ከለበሰ በኋላ እንኳ በየማለዳው ከወተት መያዣዋ፣ ከጮጮዋ ነበር የሚጠጣው። ባሻ ደጁ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። ደስ ይበለው ይክፋው ፊቱ አይናገርም።

በ1961 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ባሻ አዲስ አበባ ሄዶ የጭኑን ጥይት አስወጣ። የተመለሰው በወታደር ካሚዮን ነው። ከክብረ መንግሥት ወዲህ ያለው መንገድ በበጋ ዱቄት ነው፤ ሲወርድ ቅንድቡ ሳይቀር ቀልቶ ነበር። ያስላል። «አቧራ ነው» አለ። ማን ደፍሮ አይደለም ይለዋል? የከተራ ዕለት ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጥቶ ተቀበለው፤ እንደ ወጋችንም ጉንጭ ለጉንጭ እያገላበጥን ሳምነው። ተክሉን ግን አንገቱን ይዞ አልለቀውም። ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ አፉን ሳመው። እንዲያ ሲስመው አይቼ አላውቅም ነበር። ከሐኪም ቢላዋ የተረፈ ሰው ሆዱ ይባባል ብዬ አለፍኩት።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ማለዳ ተክሉ እንደ ልማዱ የዲንኪቱን ወተት ደጅ ላይ ቆሞ ጠጣ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አንቀጠቀጠው። ሲያድር ትንፋሹ እንደ ወናፍ ሆነ፤ ከንፈሩ ጠቆረ፤ ሲያስል ደም የነካው አረፋ ይተፋል። ኩንታል ባንድ ትከሻው የሚሸከም ጎረምሳ ነበር። ደረቱን በጥፍሩ እየቧጠጠ፣ ቆዳውን እየላጠ ሞተ። አባቱ እጆቹን ይዞለት ነበር።

የቦረና ሴት ልጅ ሲሞትባት ጠጉሯን ትላጫለች። ዲንኪቱ ተላጭታ ቀብር መጣች፤ «ኢልመ ኮ! ኢልመ ኮ!» እያለች ጮኸች፤ ልጄ፣ ልጄ ማለት ነው። ባሻ አላለቀሰም። ከቀብር መልስ ድንኳኑ መሐል ቆመና፣

«የኅዳርን በሽታ በልጅነቴ አውቀዋለሁ» አለ። «እሱ የሚገባው ቤት ሙሉ ለመውሰድ ነው። ካገር ሁሉ አንድ ልጅ መርጦ አይገድልም። ልጄን ሰው ነው የገደለብኝ።»

በሰፈሩ የሚያስል ሌላም ሰው አልጠፋም ነበር። እሱ ግን ለሌላው ሳል ጉንፋን የሚል ስም ነበረው፤ ለልጁ ሞት ነው ስም ያጣው።

አውጫጭኝ አወጀ። ለማያውቀው ልንገር፤ ጥፋተኛ ሲታጣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ዘግቶ፣ አጥፊው እስኪጠራ ድረስ ማንም እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ጠቋሚው «እኔ አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ይህን ልማድ ሕጉ ካስቀረው ቆይቷል ይባል ነበር፤ ግን ከሕጉ አገር እስከ ነገሌ መንገዱ ሩቅ ነው። መኮንኖቹም በየቤታቸው ታመው ተኝተዋል፤ ለአጥሩ ውጭ ሰው ማን ግድ አለው?

ጣሊያን ትቶት በሄደው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አጨቀን። ሴት ወንድ፣ የሚያስል የማያስል፣ ትከሻ ለትከሻ። መስኮት የለውም። ቆርቆሮው ሲግል የአንዱ ትንፋሽ በሌላው ፊት ላይ ያርፋል። ባሻ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በሩ ላይ ተቀመጠና አንድ ባንድ እየጠራ «ወፍ ምን አለችህ?» ይላል። «አልነገረችኝም» ያለ አለንጋ ይቀምሳል። እኔ በዛብሽ፣ ባሌ ሞያሌ ኬላ ላይ የነበረ፣ ለመኮንኖች ክበብ እንቁላል የምሸጥ ሴት፣ «ወፍ ከኔ ጋር አትነጋገርም» አልኩት። አለንጋው ቀሚሴን ከጀርባዬ ጋር ሰፋው። ሁለተኛም ጠየቀኝ፤ ሁለተኛም ያንኑ አልኩት። እልህ ይዞኝ እንጂ ጀግንነት አልነበረም።

ስንገባ የሚያስሉት ጥቂት ነበሩ። አድረን ስንነሳ ግማሹ ያስላል። ሕፃናት በትኩሳት ይቃዣሉ፤ ሽማግሌዎች ግድግዳ እየያዙ ይወድቃሉ። ጠጉር አስተካካዩ ጉግሳ ድሮም ደረቱ ደካማ ነበር፤ «አየር! አየር ስጡኝ!» እያለ በሩን በትከሻው ገጨ። ባሻ በሰደፉ ሆዱን ብሎ መለሰው። ጉግሳ እዚያው እግራችን ሥር ደም እየተፋ ሞተ፤ ሬሳውም ከኛ ጋር ዋለ።

ከዚያ በኋላ ወፎች ሁሉ ባንዴ መናገር ጀመሩ። ሁሉም የጠሩት አንድ ስም ነው፤ ዲንኪቱ። ለምን እሷ? መጋዘኑ ውስጥ ስላልነበረች ነዋ! ከከተማው ውጭ ከቦረናዎቹ መንደር ነው የምትመጣው፤ በሰፈራችን «ኧረ ተው» የሚልላት ዘመድ የላትም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ባሻም አልተገረመም። ልጁ በጤናው ከሰው እጅ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀበለው የሷን ወተት መሆኑን በዓይኑ አይቷል። «ገድላ ተላጨች» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ዲንኪቱ ምንም ሳትሰማ ጮጮዋን አዝላ መጣች። «ናጋ? አካም ጅርቱ?» አለች፣ ሰላም ናችሁ ማለቷ ነው። መልሱ ጥፊ ሆነ። ወተቱ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ እሷን በዚያ በተላጨ ራሷ እየገፉ ሜዳው ላይ ካለው ግራር ጋር አሰሯት። ባሏ ጃታኒ ሰምቶ ጦሩን ይዞ ሲሮጥ ደረሰ፤ አንዱን ክንዱ ላይ ወጋው፤ ከዚያ ተረባርበው ጣሉት። መንጋጋው ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው የሚጮኸው። ባሻ ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ ወረወረ።

በዚህ መሐል አንድ ላንድሮቨር ወደ ጦር ሰፈሩ ሲያልፍ ቆመ። ከአዲስ አበባ የተላከ የላቦራቶሪ ሰው ነው፤ ስሙ ወልደገብርኤል፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ። የወታደሩን ሕመም ሊመረምር ነው የመጣው። ገመዱን አይቶ ወረደ።

«ምን አድርጋ ነው?»

«ልጄን በወተት መርዛ» አለ ባሻ።

«ሲሞት ምን ሆነ?»

የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ሳሉን፣ አረፋውን፣ የጠቆረ ከንፈሩን።

«ባሻ፣ ይህ መርዝ አይደለም» አለ ወልደገብርኤል። «ባሕር ተሻግሮ የመጣ የሳንባ በሽታ ነው። አዲስ አበባንም ይዟታል።»

«ምስክር አለህ?»

«ደም ይመሰክራል።»

ምስኪን! ሴትዮዋን ለማትረፍ የመጣለትን ቃል ወረወረ፤ ለማን እንደሚናገር አላወቀም። ባሻ ያደገው በመሐላ አገር ነው፤ ደም ይመሰክራል ሲሉት ፍርድ ነው የሰማው። ሹመቱን የሰጠውን ሰማይ የሚጠራ ይመስል ቀና አለና በሰፈሩ ፊት ማለ፤

«ንጉሥ ይሙት! ደሙ የጠቆመውን ሰው፣ የገዛ ወንድሜም ቢሆን፣ እዚህ ግራር ላይ እሰቅለዋለሁ! ይመስክር!»

ወልደገብርኤል ክንድ እያሰረ ደም ቀዳ። ባሻ «ሹም ይቀድማል» ብሎ ክንዱን መጀመሪያ ዘረጋ። ቀጥሎ ከዲንኪቱ፣ ከኔ፣ ከሌሎችም ወሰደ። ከዚያ «ዶሮ አምጪ» አለኝ። ቦረናዎች ዶሮ አያረቡም፣ አይበሉምም፤ ደህና አውራ ዶሮ የነበረኝ እኔ ነኝ። አንቄ አመጣሁለት። አላረደውም፤ ከክንፉ ሥር በመርፌ ትንሽ ደም ቀድቶ መለሰልኝ። ይህን ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ወሬ ጀመረ፤ ደብተራ ነው፣ ጠንቋይ ነው ተባለ። ወሬ ለመፍጠርማ ማን ብሎን!

ዲንኪቱ እንደታሰረች አደረች። ጠዋት ዕቃዎቹን የሚቀቅልበትን እሳት እያነደድኩለት ጠየቅኩት፤

«የዶሮ ደም ስለ ሰው ምን ያውቃል?»

«የጉሮሮሽና የሳንባሽ ገጽ በዓይን በማይታዩ ሕዋሳት የተነጠፈ ነው» አለኝ። «በያንዳንዱ ሕዋስ ላይ ደቃቅ ጉጦች በቅለዋል፣ ጫፋቸው ስኳር መሳይ ነገር ነው። ሕዋሱ ያበቀላቸው ለራሱ ሥራ ነው፤ ለበሽታው ብሎ አይደለም። ቫይረስ የምንለው የበሽታው ዘር ከሰው ትንፋሽ ጋር ሲገባ ግን ያችን ጉጥ ያውቃታል። ይጨብጣታል። ያለ እሷ ቢመጣ ተንሸራቶ ያልፍ ነበር።»

«ከጨበጠስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ ሕዋሱ ራሱ ይጎርሰዋል። የመጣለትን ነገር መጉረስ ልማዱ ነው። ከገባ በኋላ ቫይረሱ በሕዋሱ ጓዳ ይባዛል፤ ገድሎት ይወጣና ጎረቤቱን ይይዛል።»

«በሩን የሚከፍትለት ባለቤቱ ነው በለኛ!»

«ባለቤቱ ነው» አለ። «የዶሮ ደምም ያችኑ ጉጥ ተሸክሟል። ስለዚህ ቫይረሱ የዶሮውንም ደም ይጨብጣል፣ አንዱን ካንዱ ያያይዘዋል። እሱን በዓይን ማየት ይቻላል።»

በጠርሙስ የተገደለ ቫይረስ ይዞ መጥቶ ነበር። ቢሞትም መጨበጡን አይተውም አለኝ። የገበጣ ሰሌዳ የመሰለ፣ ትንንሽ ጉድጓድ ያለበት ነገር የጥይት ሣጥን ላይ አስቀመጠ። በየጉድጓዱ መጀመሪያ የሰውየው ደም ሲረጋ ከላዩ የጠለለውን ውሃ፣ ቀጥሎ ቫይረሱን፣ መጨረሻ የአውራ ዶሮዬን ደም ጠብ አደረገ። በሽታው የያዘው ሰው ደም ቫይረሱን ያውቀዋል፣ እጁን ጠፍሮ ይይዝበታል፤ ያኔ የዶሮው ደም ሳይያያዝ ታች ይወርድና ጥርት ያለ ቀይ ነጥብ ይሆናል። በሽታው ነክቶት የማያውቅ ሰው ደም ግን ዝም ብሎ ያያል፤ ቫይረሱ የዶሮውን ደም ያያይዘዋል፣ ጉድጓዱም ሙሉውን ደፍርሶ ይቀራል። ስለዚህ የጠራው የታመመ ነው፤ የደፈረሰው ያልታመመ ነው።

ይህን ለኔ ነገረኝ። ለሕዝቡ አልነገረም! የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ውጤቱ ሲመጣ እናገራለሁ ብሎ ይጠብቃል፤ ገመድ የያዘ ሰው እንደማይጠብቀው አያስብም። ያን መነጽሩን አውልቄ ልሰብርለት የፈለግኩት በኋላ ነው።

ሰው ሁሉ ሣጥኑን ከበበ። ባሻ ወልደገብርኤልን በክርኑ ገፍቶ ጎንበስ አለ።

«የኔ የቱ ነው?»

«ይኸ፤ ግን ቆይ...»

ጥርት ያለ ቀይ ነጥብ ነው።

«የሷስ?»

ደፍርሷል። ጠርዙ ድረስ ቀልቷል።

«ደፈረሰ!» አለ አንዱ። «ደሟ ደፈረሰ! ደሟ አጋለጣት!» ሴቶች እልል አሉ። እኔ «ኧረ እንዲያ አይደለም! ተገልብጦ ነው!» ብዬ ጮኽኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኽኩ፤ ማን ይስማኝ። ከጥንት ጀምሮ የጠራ ንጹሕ ነው፣ የደፈረሰ ጥፋተኛ ነው፤ ዓይናቸው የፈረደውን ጆሯቸው አይሰማም። ባሻ ጠመንጃውን ገልብጦ ሰነዘረ። ዲንኪቱ የታሰሩ እጆቿን አነሳች፤ ሰደፉ የግራ አንጓዋን ሰበረው። ሁለተኛው ጉንጯ ላይ አረፈ፤ ጥርስ ወደቀ። ከግንዱ ፈትተው አንገቷን ገመዱ ውስጥ ከተቱና ሳቡ። እግሮቿ ከመሬት ተነሱ።

ከሚስቡት የአንዱን ክንድ ነክሼ ሥጋ ይዤ ቀረሁ። ወልደገብርኤል ሮጦ የዲንኪቱን እግሮች አቀፈና በዚያ ቀጭን ገላው ወደ ላይ ደግፎ አነሳት። ጀርባውን በዱላ እየወገሩት ነበር የሚጮኸው፤

«የደፈረሰው ንጹሕ ነው! በሽታው እሷን ነክቷት አያውቅም! የታመመው የጠራው ነው! የጠራው ነው!»

ባሻ እጁን አነሳ። ገመዱ ላላ። ወልደገብርኤልና ዲንኪቱ ተያይዘው ወደቁ።

«ምን አልክ?»

«የእርስዎ ደም በሽታውን ያውቀዋል፣ ባሻ» አለ፣ ከአፉ ደም እየጠረገ። «ታመው ነበር።»

«እኔ አልታመምኩም።»

«በዚህ ሰፈር መጀመሪያ ያሳለ ማን ነው?»

መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጀርባዬ ገና ይደማ ነበር፤ ምን ቀረኝ?

«አንቱ ነዎት፣ ባሻ። ከካሚዮኑ ሲወርዱ ያስሉ ነበር።»

«አቧራ ነው» አለ። «አቧራ ነው» አለ ደግሞ፣ አሁን ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ወልደገብርኤል ዞረ። «በምን ገባበት?»

«በትንፋሽ። ሳል፣ ምራቅ፣ አጠገብ ለአጠገብ መሆን ይበቃዋል።»

«ስስመው ነው?»

ወልደገብርኤል ጎንበስ ብሎ የወደቀ መነጽሩን ከአቧራው ውስጥ ፈለገ።

ባሻ ገመዱን ከዲንኪቱ አንገት በገዛ እጁ አወለቀ። በመሐላው መሠረት ራሱ ሊገባበት ነው ብለን ነበር። አይቶት አይቶት ወረወረው። «ይኸ ለኔ ያንሰኛል» አለ። ወደ እሳቱ ሄደና ከፍም ውስጥ አንድ ትልቅ ጉማጅ በባዶ እጁ አንስቶ አፉ ላይ ለጠፈው። አልጮኸም። የጮኽነው እኛ ነን። የሥጋው ሽታ ሜዳውን ሞላው፤ እሱ ግን ፍሙን ይጫነዋል እንጂ አይለቅም።

ዲንኪቱ በጉልበቷ እየዳኸች ደረሰች። ባልተሰበረው እጇ መትታ ፍሙን ከእጁ አስጣለችው።

«ተው! ልጄን የሳመ አፍ ነው!» አለች። «ኢልመ ኮ የሳመ አፍ ነው!»

ከዚያ መታችው። በቡጢ፣ በጥፍር፣ በራሷ ጭምር። ፊቱን፣ ደረቱን፣ ያቺን የተቃጠለች አፉን። እየመታችው ታለቅሳለች፤ እሱም ልጁ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። እጁን አላነሳም። ስትደክም ቆመች፣ ደግሞ ጀመረች። እኛም አላስጣልነውም።

እዚያ መጋዘን የገባነው ሁሉ ታመምን ማለት ይቻላል። ከተክሉና ከጉግሳ በኋላ የመቃብር ቆፋሪ አጥተን ሴቶች ቆፍረናል። ለጉግሳ ደም ባሻ ታሰረ። የቦረና ሽማግሌዎችም ለጃታኒ መንጋጋና ለዲንኪቱ እጅ የፈረዱበትን ከብት አንድ ሳያስቀር ሰጠ። ዲንኪቱ ሰፈራችንን ዳግመኛ አልረገጠችም። ወተቷን ወደ ሌላ በር ወሰደች፤ እኔ ገበያ ላይ ሳገኛት ሰላም ትለኛለች፣ ሌላውን አታይም። ልክ ናት።

ባሻ ከእስር ሲወጣ ሹመት የለ፣ አለንጋ የለ። ከንፈሩ ተኮማትሮ ጥርሱን መሸፈን አቅቶታል። ሰው ግን አመሉን ከየት ይተዋል? ዱላ ይዞ መናኸሪያ መዋል ጀመረ። አውቶቡስ ሲደርስ፣ ሰው ከሰው ሊሳሳም ሲል መሐል ገብቶ ይደበድባል። «ራቁ! ከሩቅ እጅ ንሱ!» እናት ከልጇ፣ ሚስት ከባሏ። እብድ ነው ይሉታል። የማያውቁት መልሰው ይመቱታል፤ ያልተሰበረ ጎድን አልቀረውም። ሳል የበዛበት ሰሞን ሲሆን ጭራሽ እዚያው ያድራል። እኔ የተቀቀለ እንቁላል እዚያው ስለምሸጥ አንዳንዴ «አንቱ ሰውዬ፣ ይብቃዎት» እለዋለሁ። ሰምቶኝ አያውቅም።

በ1965 ጉንፋን በጠናበት ወቅት ኃይሌ የሚባል ወጣት ወታደር ከሩቅ ግዳጅ ተመልሶ ከአውቶቡስ ወረደ። አባቱ ወልደሚካኤል ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ሲጠብቀው ነበር። ባሻ እያነከሰ ሲደርስ ትንሽ ዘግይቷል። ልጁን ከኋላው ማጅራቱ ላይ በዱላ አሳረፈበት። ልጁ ማን እንደመታው ሳያይ ዞሮ በጠመንጃው ሰደፍ ደረቱን አለው። ባሻ ወደቀ፤ ጭንቅላቱ የድንጋይ ጠርዝ ላይ አረፈ።

ሮጬ ደረስኩ። ደሙ ከጆሮው ይወርዳል። ኃይሌ ሽማግሌ መሆኑን ሲያይ ደንግጦ ተንበረከከ። ባሻ የልጁን ካፖርት ጨምድዶ ያዘና ወደ አባትየው በአገጩ አመለከተ።

«ሳምከው?» አለው፣ በዚያች በተኮማተረች አፉ።

ልጁ አልገባውም። አባቱን ቀና ብሎ አየ። ወልደሚካኤል የድሮ የሰፈራችን ሰው ነው፣ ከመጋዘኑ የተረፈ። ራሱን ቀስ አድርጎ ግራ ቀኝ ነቀነቀለት።

«አልሳምኩትም፣ አባቴ» አለ ልጁ።

ባሻ ጨብጦ የነበረውን ካፖርት ለቀቀና ዓይኑን ከደነ። ልጁ አባቱን ጉንጭ ለጉንጭ ሦስቴ ስሞታል፤ እኔ እንቁላሌን ይዤ ቆሜ አይቻለሁ።